የዓሣ ገንዳ ክዳን የግድ መስታወት መሆን የለበትም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በቤት እንስሳት ዓምዳችሁ ላይ፣ ዓሣ እየዘለለ ካስቸገረ ገንዳውን በመስታወት ክደኑት የሚል ምክር አነበብኩ። ክዳን ማስፈለጉ ልክ ነው። መስታወቱ ላይ ግን አልስማማም። እንጀራዬ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሥራ ነው፤ ቤቴ ደግሞ ቤታና ጉፒ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች አረባለሁ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻ አገር በሩብ ገደማ ያንሳል። ውኃውም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ላዩን በመስታወት ግጥም አድርጋችሁ፣ መብራት ሄዶ የአየር ፓምፑ ሲቆም ምን ይሆናል? ቤታ ደግሞ ከውኃው በላይ ያለውን አየር እየወጣ የሚስብ ዓሣ ነው። በውኃውና በክዳኑ መካከል 4 ወይም 5 ሳንቲም ክፍት ቦታ ይፈልጋል።

እኔ የምመርጠው የትንኝ ወንፊት ነው፤ ያው መስኮት ላይ የምታስገጥሙት። ቀጭኑን የአሉሚኒየም ፍሬም በገንዳው ልክ አስቆርጡ። መረቡን ወጥራችሁ በጎማው አስይዙት። ጥቁሩ ፋይበር ይሻላል፤ ነጩ ብርሃን እየመለሰ ውስጡን ይጋርዳል። የብረት ወንፊት ይዝጋል። የመዳብ ወንፊትማ አይታሰብም፤ ለቀንድ አውጣና ለሽሪምፕ መርዝ ነው።

ዋናው ጣጣ የፊልተሩ ቱቦና የማሞቂያው ገመድ የሚወጡበት ጥግ ነው። ብዙ ሰው እዚያ ጋ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ትቶ ያልፋል። ዓሣው ደግሞ በዚያችው ይወጣል። ቱቦውን በካርቶን ለክታችሁ መረቡን በልኩ ቁረጡ፤ ጠርዙ እንዳይተረተር ሲሊኮን ቀቡት። የመታጠቢያ ቤቱን ሲሊኮን ግን አትጠቀሙ፤ ብዙውን ጊዜ የሻጋታ መድኃኒት አለበት። የአኳሪየም የሚባለውን ጠይቁ።

መረብ እንከን የለውም አልልም። ውኃው ይተናል፣ ቶሎ ቶሎ መሙላት አለ። ሌሊት ሲበርድም ሙቀት አይዝም፣ ማሞቂያው ሥራ ይበዛበታል። አሮዋናን የመሰለ ትልቅ ዓሣ ያለው ሰው በእኔ መረብ አይተማመን፤ ገፍቶ ይጥለዋል። ለእሱ ጠርዙ የተሞረደ ወፍራም መስታወት፣ ያውም ከነመቆለፊያው፣ አየር ማስገቢያ ሳይረሳ።

ደግሞ ዓሣ ብዙ ጊዜ በምክንያት ነው የሚዘለው። አዲስ ገንዳ ውስጥ አሞኒያ (ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣ መርዝ) ሲጠራቀም፣ ሌላ ዓሣ ሲያሳድደው፣ በጨለማ ድንገት መብራት ሲበራበት ይዘላል። ደህና የነበሩት ሁሉ ባንዴ መዝለል ከጀመሩ ከክዳኑ በፊት ውኃውን እዩ።

ሻጮቹንም ልውቀስ። ገንዳ፣ ጠጠር፣ የፕላስቲክ ተክል፣ ትንሽዬ ግንብ ሳይቀር ይሸጣሉ። ክዳን ስትጠይቋቸው «አያስፈልግም» ይላሉ። 60 ሳንቲም ርዝመት ላለው ገንዳ የሚሆን ፍሬም እኮ ከመስኮት ሥራ ከሚተርፍ ቁርጥራጭ ይወጣል። ጎረቤታቸው ካለው አሉሚኒየም ቤት ጋር ቢነጋገሩ ገንዳውን ከነክዳኑ መሸጥ ይችላሉ።

የአሉሚኒየም ባለሙያ፣
ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ