ፈቃዱ ከመፈረሙ በፊት ጎረቤቱ ይጠየቅ

ለድሬዳዋ አስተዳደር የከተማ ፕላንና የግንባታ ፈቃድ ሥራ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የግንባታ ፈቃድና የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ሲወሰን የአካባቢውን ነዋሪ ስለማሳተፍ

በሰፈራችን ባዶ ቦታ ወይም አሮጌ ግቢ ላይ ምን ሊሠራ እንደታሰበ ጎረቤቱ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ የቆርቆሮ አጥር ተተክሎ ቁፋሮ ሲጀመር ነው። ያን ጊዜ ፕላኑ ማኅተም አርፎበታል፣ ባለይዞታውም ገንዘቡን አውጥቷል። ነዋሪው የሚናገረው ቢኖረው እንኳ የሚሰማው እንደ ከሳሽ ነው፤ ለዓመታት አብረው የኖሩ ሰዎችም በቀላሉ ሊፈታ ይችል በነበረ ጉዳይ ይቀያየማሉ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት ሰጥቷል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ም የሕዝብ ተሳትፎን፣ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን ከመርሆቹ ውስጥ አስገብቷል። ይሁንና ተሳትፎ ሲባል በተለምዶ የሚታሰበው ለዓመታት የሚያገለግለው መዋቅራዊ ፕላን ሲዘጋጅ በአዳራሽ የሚጠራ ስብሰባ ነው። የሰፈርን መልክ ዕለት በዕለት የሚለውጠው ግን መኖሪያ ቤቱ መጋዘን እንዲሆን፣ ባለ አንድ ፎቁ ባለ አምስት እንዲሆን የሚፈቅደው የአንድ ቦታ ፋይል ነው። የእኔ ጥያቄም በዚህ ፋይል ላይ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ይህ ጉዳይ ከሌላ ከተማ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ በኋላ የከዚራ ሰፈር በመሐንዲስ መስመር ተሰምሮ፣ ዛፍ ተተክሎለት ሲቆረቆር፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር ያደገው በነጋዴውና በነዋሪው እጅ ነው። ሁለቱን የሚለየው ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ከተማው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ግን ከላይ ከተራራው፣ በደንገጎ በኩል የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ በሌሊት ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

ፈቃድ ለማግኘት የሚቀርበው የቦታ ፕላን ወሰኑን፣ አዋሳኞቹንና መንገዱን ያሳያል። በግቢው ጥግ የምታልፈዋ፣ በበጋ ቆሻሻ የሚጣልባት፣ ዝናብ ሲጥል ግን የሦስት መንደር ውኃ የምትሸከመው ጠባብ መውረጃ ግን ከወረቀቱ ላይ ልትቀር ትችላለች። እሷን የሚያውቁት እዚያው ያረጁ እናቶች ናቸው፤ የ1998ቱ ውኃ የትኛው ግድግዳ ላይ እስከየት እንደደረሰ በእጃቸው ያሳያሉ። መውረጃዋ ላይ የድንጋይ አጥር ሲቆም ውኃው አይቀርም፣ ወደ ጎረቤት ቤት ይዞራል። መሐንዲሱ ፈቃዱን ከመፈረሙ በፊት ከእነዚህ ሰዎች ጋር ግማሽ ሰዓት ቢቆም ኋላ በግንብ የማይመለስ ጉዳት ሳይደርስ ይቀራል።

ስለዚህ ማመልከቻው እንደቀረበ፣ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት፣ ማስታወቂያ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በቦታው በራሱ በር ላይ እንዲለጠፍ እጠይቃለሁ። ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ፎቅ እንደሚሆን፣ ተሽከርካሪ በየት እንደሚገባና ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ ይጻፍበት፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሁን። ውይይት የሚያስፈልገው ከሆነ በጠዋት ይጠራ። በዚህ ሙቀት፣ ከተማው ጫት ለመቃም፣ ለበርጫ በተቀመጠበት ሰዓት ስብሰባ ጠርቶ «ሕዝቡ አልመጣም» ብሎ ቃለ ጉባኤ መያዝ ተሳትፎ አይባልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቀረበው አስተያየት ከፋይሉ ጋር ይያያዝ፤ ባለሙያው ተቀብሎት እንደሆነ፣ ካልተቀበለውም ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ይመልስ። መልስ የማያገኝ ሰው ሁለተኛ አይመጣም።

ይህ አሠራር ባለሀብቱን ያጓትታል፣ ምቀኛ ጎረቤትም መሣሪያ ያደርገዋል የሚል ስጋት እንደሚነሣ እገምታለሁ። ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም። የምጠይቀው ግን ጎረቤቱ እንዲሰማ እንጂ ፈቃድ ከልካይ እንዲሆን አይደለም፤ ውሳኔው የባለሙያው ነው። የአስተያየቱ ጊዜ አጭርና የተቆረጠ ከሆነ፣ መሠረት የሌለውን ተቃውሞም ባለሙያው በምክንያት ከዘጋው፣ መጓተቱ መሠረት ተቆፍሮ ከታገደ ግንባታ ኪሳራ ጋር አይወዳደርም። አጥር ለሚጠግን ወይም አንድ ክፍል ለሚጨምር ሰውም ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

አሠራሩን በመላው ከተማ በአንድ ጊዜ መጀመር ከባድ ከሆነ፣ ከመጪው ክረምት በፊት በደቻቱ ዳርና ዳር ባሉ ቀበሌዎች፣ በአጠቃቀም ለውጥና በባለ ፎቅ ሕንፃ ማመልከቻዎች ላይ ብቻ በሙከራ እንዲጀመር፣ ይህን በተመለከተ የተደረሰበት ውሳኔም በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ እንዲገለጽልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የመጋላ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለአስተዳደሩ ምክር ቤት
በደቻቱ ዳርቻ ላሉ ቀበሌዎች