ያላዩት ገጽ እንፈልጋለን፦ ለልጆች የንባብ መጻሕፍት የድጋፍ ጥሪ

በቀጥታ ልናገረው፦ መጽሐፍ እንፈልጋለን። ብዙ መጽሐፍ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በየክፍላቸው፣ እጃቸው በሚደርስበት ቦታ፣ ሲያሰኛቸው የሚያነሱት የተረትና የታሪክ መጽሐፍ።

ማን ናችሁ ለምትሉ፣ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆቻችንን የምናስተምር ወላጆችና እዚያው የሚያስተምሩ መምህራን ነን። ኮምፒውተር አልጠየቅንም። ሕንፃም አልጠየቅንም። "ለምን ደህና ቤተ መጻሕፍት አትሠሩም?" ያሉን ሰዎች አሉ። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ችግሩን። አንድ የ2ኛ ክፍል ልጅ የመማሪያ መጽሐፉን ገልጦ ያነባል። ጮክ ብሎ፣ ጥርት አድርጎ፣ ሳይደናቀፍ። ወላጅ ቢሰማው ደስ ይለዋል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ግን ጣቱ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው፤ አፉ አራተኛው ላይ ደርሷል። መሀል ላይ ያለ አንድ ቃል አሳዩትና "ይሄ ምን ይላል?" በሉት። ዝም ይላል። ከዚያ ከገጹ አናት ጀምሮ በቃሉ እያነበነበ ወደ ታች ይወርዳል፣ እዚያ ቃል ላይ እስኪደርስ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። እንዲያውም ጎበዝ ነው፤ ገጹን እንዳለ ሸምድዶታል። ዓመቱን ሙሉ አንድ መጽሐፍ ብቻ ከሰጠነው ሌላ ምን ያድርግ?

ልጅ ማንበቡና መሸምደዱ የሚለየው ያላየው ገጽ ሲሰጠው ነው። እኛ ዘንድ የጠፋው እሱ ነው፤ ያላዩት ገጽ።

ፊደሉ ላይ መምህራኖቻችን አይታሙም። ቀላል ሥራም አይደለም። 33ቱ ፊደል ሰባት ሰባት ቤት አለው፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ 231 ይሆናል። ካዕቡና ሣልሱ አብዛኛውን ጊዜ ደንብ አላቸው፤ ልጁ ቅጥያዋን አይቶ ይገምታል። ሳድሱ ላይ ሲደርስ ግን ደንብ የለም፤ እያንዳንዱን ለብቻው መልመድ ነው። ይሄን ሁሉ ገበታው ላይ በቅደም ተከተል የወረደ ልጅ፣ ፊደሎቹ ተበታትነው ቃል ሲሆኑበት ግር ይለዋል። ከገበታው ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ዓረፍተ ነገር የሚያሻግረው ልምምድ ብቻ ነው። ልምምዱ ደግሞ የሚነበብ ነገር ይፈልጋል።

በዚያ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። "አለ" የሚለው ቃል "ተናገረ" ማለት ይሁን "ይገኛል" ማለት ፊደሉ አይነግራችሁም። "ዋና" ወንዝ ውስጥ ይሁን ከሁሉ የሚበልጠው፣ ዙሪያውን አንብቦ ነው የሚታወቀው። ትልቅ ሰው ይሄን ሳያስበው ያደርገዋል። ልጅ ግን ዓረፍተ ነገሩን ካልተረዳው ቃሉን ራሱ በትክክል ማንበብ አይችልም። "መጀመሪያ ማንበብ ይልመድ፣ መረዳቱ ይደርሳል" የሚለው ነገር ለዚህ ነው የማይዋጥልኝ።

ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1986 ነገሩን በአጭር ቀመር አስቀምጠውታል፦ አንብቦ መረዳት ማለት ፊደልን ወደ ድምፅ መለወጥ ሲባዛ በቋንቋ መረዳት ነው። ልብ በሉ፣ መደመር አላሉም። ማባዛት ነው። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። ፊደሉን ጥንቅቅ አድርጎ የለየ፣ ግን ተረት ተነቦለት የማያውቅ፣ የቃል ሀብቱ የሳሳ ልጅ፣ ገጹን ያነብና ምን እንዳነበበ አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱንም ነው መሥራት ያለብን። ፊደሉን መምህሩ ይዞታል። ሌላው መጽሐፍና የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል።

"መጽሐፍ ቢኖር ለውጥ ያመጣል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ገንዘባችሁ ነው። እዚህ ላይ እኔ በጣም የምወደውን ምሳሌ ልንገራችሁ። ዎርዊክ ኤሊ እና ፍራንሲስ ማንጉባይ የተባሉ ተመራማሪዎች በፊጂ ደሴቶች የገጠር ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንድ ሙከራ አደረጉ። ውጤቱን ያሳተሙት በ1983 ነው። በየክፍሉ 250 ሥዕላዊ የታሪክ መጻሕፍት አስገቡ። ልጆቹ የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ናቸው። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፉት፤ ለልጆቹ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። ገሚሶቹ ክፍሎች ከመምህሩ ጋር አብረው አነበቡ፤ ገሚሶቹ በየቀኑ ለብቻቸው በዝምታ አነበቡ። ሌሎቹ ደግሞ በተለመደው መንገድ ተማሩ። ከስምንት ወር በኋላ መጽሐፍ የጎረፈላቸው ልጆች ንባብ በተለመደው መንገድ ከተማሩት በእጥፍ ገደማ ፍጥነት አድጎ ተገኘ። አዲስ ሕንፃ አልተሠራም፤ በየክፍሉ የገባው መጽሐፍ ነው።

ጊዜውም አይጠብቀንም። የዓለም ባንክ "የትምህርት ድህነት" የሚለው አንድ ልጅ 10 ዓመት ሞልቶት ቀላል ጽሑፍ አንብቦ መረዳት ሲያቅተው ነው። በ2022 ባወጣው ግምት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ካሉ የ10 ዓመት ልጆች 70 በመቶው እዚህ ውስጥ ናቸው። ለምን 10 ዓመት? ከዚያ በኋላ ሒሳቡም ሳይንሱም በንባብ ነው የሚመጣው። 5ኛ ክፍል ላይ ማንበብ ያቃተው ልጅ በአንድ ትምህርት ብቻ አይወድቅም፤ በሁሉም ነው።

አሁን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ። ቤተ መጻሕፍት ጥሩ ነገር ነው፣ ማንም አይጠላውም። ግን በየትምህርት ቤቱ ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። መጻሕፍቱ በስጦታ ይመጣሉ፣ ፎቶ ይነሣል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባሉ፣ ይቆለፋል። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ነው፤ ሰውየው ዛሬ ስብሰባ ላይ ነው። አይፈረድበትም። መጽሐፉ በስሙ የተመዘገበ ንብረት ነው፤ ቢጠፋ ተጠያቂው እሱ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ እንዳማረበት፣ ሳይነካ፣ ይኖራል። እኛ ይሄን አንፈልግም። መጽሐፍ ይቀደድ፤ ይጥፋም። በዕቅዳችን ውስጥ "በየዓመቱ የሚተካ" ብለን ገና ከመጀመሪያው ገንዘብ ለይተን እንይዛለን። ለጠፋ መጽሐፍ መምህርም ልጅም አይከፍልም። በዚህ የማትስማሙ ካላችሁ ብንከራከር ደስ ይለኛል፤ ግን ሐሳቤን የምቀይር አይመስለኝም።

ያሰብነው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ክዳን የሌለው ሣጥን፣ ውስጡ 100 መጽሐፍ። የመጽሐፉ ጀርባ ሳይሆን ሽፋኑ እንዲታይ ተደርጎ የሚደረደር፤ ትንሽ ልጅ መጽሐፍ የሚመርጠው በሥዕሉ ነው። ለ1ኛ ክፍል በገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ያለው፣ ፊደሉ ጎላ ያለ። ለ2ኛ ክፍል ከፍ ያለ፣ እያለ ይቀጥላል። ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ቅጂ፤ ሁለት ጓደኛሞች አንድ መጽሐፍ ጎን ለጎን ይዘው ሲያነቡ የሚፈጠረውን ወሬ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ሣጥኑ በተራ ከክፍል ወደ ክፍል ይዘዋወራል፤ ልጆቹ ሁልጊዜ ያላዩት ገጽ እንዲያገኙ።

ገንዘቡ እንዳይባክንም አስበናል። "አፍሪካን ስቶሪቡክ" እና "ስቶሪዊቨር" የሚባሉት የኢንተርኔት ገጾች የልጆች ታሪኮችን በብዙ ቋንቋ ያቀርባሉ፤ አማርኛም አለበት። ፈቃዳቸው ክፍት ስለሆነ ማንም አውርዶ ማተም ይችላል። ስለዚህ የምንከፍለው ለወረቀት፣ ለቀለምና ለጥረዛ ብቻ ነው። ትርጉማቸው አንዳንዴ ይጎረብጣል፤ ሳናነብና ሳንመርጥ አናትምም። የቀረውን ከመጽሐፍ መደብር እንገዛለን፤ ለልጆች የሚጽፉ ደራሲዎችም ገቢ ያስፈልጋቸዋል።

መጽሐፉ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። በየቀኑ ከትምህርቱ ሰዓት 15 ደቂቃ መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸዋል። ጥያቄና መልስ የለም፣ ፈተና የለም፣ ማርክ የለም። ጅቡ በሩን ሊያንኳኳ ሲል ቆም ይልና "ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?" ይላል። ሠላሳ እጅ ይነሣል። ያን ቀን መጽሐፉን ጨርሶ ሣጥኑ ውስጥ ሲመልሰው፣ በእረፍት ሰዓት መጀመሪያ የሚሻሙት እሱን ነው። ታሪኩን ያውቁታል፤ አሁን ራሳቸው ሊያነቡት ይፈልጋሉ።

እናንተ ምን ታድርጉ? መዋጮ ሲነሣ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ" የሚለው ተረት አይቀርም፤ ዛሬ እኔ እዘለዋለሁ። የአቅማችሁን ገንዘብ ስጡን። በቡድን ሆናችሁ አንድ ሙሉ ሣጥን መያዝ ትችላላችሁ፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ የድሮ የክፍል ጓደኞች፣ ወንድምና እህት። ማተሚያ ቤት ያላችሁ ወይም የሚያውቅ ሰው ያላችሁ ጥረዛውን በቅናሽ ብትሠሩልን ትልቅ ነገር ነው። ሥዕል የምትችሉ፣ አርትዖት የምታውቁ፣ ከማተማችን በፊት ታሪኮቹን አንብባችሁ ጎርባጣውን አስተካክሉልን። ጊዜ ያላችሁ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን መጥታችሁ አንብቡላቸው። አያቶች በተለይ ብትመጡ ልጆቹ አይለቋችሁም።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልናገር። ቤት ሲጸዳ የወጣ ሁሉ አይላክልን። የኮሌጅ ሒሳብ መጽሐፍ፣ የአሥር ዓመት መጽሔት፣ ግማሹ የተገነጠለ ልቦለድ ለ2ኛ ክፍል ልጅ ምንም አያደርግለትም። ማጓጓዣው ብቻ ይተርፈናል። ያገለገለ የልጆች መጽሐፍ ከሆነ ግን፣ ገጹ ሙሉ እስከሆነ ድረስ፣ ቢያረጅም እንቀበላለን።

ገንዘቡ የሚገባው በወላጆች ኮሚቴው የጋራ ሒሳብ ነው፤ ወጪ የሚሆነው በሦስት ሰው ፊርማ። የተገዛውና የታተመው መጽሐፍ ዝርዝር ከነደረሰኙ ለሰጪዎች ሁሉ ይላካል። የመጀመሪያው ሣጥን የሚገባው 1ኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በተራ ወደ ላይ።

መጽሐፍ ራሳችሁ ገዝታችሁ መላክ የምትፈልጉ፣ እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ዝርዝሩን ጠይቁን። አንዱን ተረት ሃያ ቦታ ገዝተን ሌላውን እንዳናጣው።