መብራት ብልጭ ሲደረግበት ሞተረኛ የት ይግባ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር፣ በሞተር ዕቃ እያደረስኩ የምተዳደር አንባቢያችሁ ነኝ። ስለ ሞተር ጋዜጣ ላይ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ስለ ስርቆት ወይም ስለ ክልከላ ነው። አልፈርድም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በከተማው የሞተር እንቅስቃሴ ሲገደብ እኔም ሞተሬን ሸራ አልብሼ ቤት ተቀምጫለሁ፣ ለምን እንደተገደበም አውቃለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ከተማ አይደለም። ከከተማ ወጥቶ ወደ ቆላ ስለሚወርደው መንገድ ነው፣ በተለይ እዚያ መንገድ ላይ መኪና ለሚነዱ ወንድሞችና እህቶች።

ዘንድሮ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ጥር 14 ቀን፣ ብቻዬን አፋር ውስጥ ወዳለችው ገዋኔ ሄድኩ። ሥራ አልነበረኝም፣ ዘመድም የለኝም እዚያ። ለዓመታት ቱሉ ዲምቱ ላይ ቆሜ ያ ሁሉ ከባድ መኪና ወደ ታች ሲወርድና ሲመለስ አያለሁ፣ ጎማው ላይ የደረቀውን ነጭ አቧራ አያለሁ፣ ከየት እንደመጣ በዓይኔ ማየት ፈለግኩ፣ ይኸው ነው። ሞተሬ 150 ሲሲ ቦክሰር ናት። ደርሶ መልስ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

በፈጣን መንገዱ አልሄድኩም። በድሮው መንገድ በዱከም፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ አድርጌ አዳማ ገባሁ። ጠዋት ስነሳ ጣቴ ፍሪሲዮን ላይ ደንዝዞ ነበር፣ አዳማ ላይ ጃኬቴን ፈታሁ፣ ወለንጪቲን ሳልፍ ሹራቤን አወለቅኩ። በመኪና ለሚሄድ ሰው መስኮት አለው፣ ቁልቁለቱን አያውቀውም። በሞተር ግን አየሩ ራሱ ይነግርሃል። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይጨምራል ይባላል፣ እኔ ከቤቴ እስከ ገዋኔ 1,500 ሜትር ገደማ ስለወረድኩ ክረምትና በጋን በአንድ ጉዞ እንዳለፍኩ ነው የምቆጥረው። ሞተሯም ታውቀዋለች። አየሩ ከታች ወፍራም ስለሆነ ጉልበት ታገኛለች፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ በሦስተኛ ማርሽ የምታቃስትበትን ዳገት እዚያ በአራተኛ ትወጣዋለች።

መተሐራ ሲደርሱ መንገዱ በሰቃ ሐይቅ ዳር ያልፋል። ይህን ሐይቅ ያላየ ሰው ቢኖር ወርዶ ይየው። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ፣ ዛሬ ከ40 በላይ የሆነ፣ ጨዋማ ውሃ ነው፤ አስፋልቱንና የድሮውን የባቡር ሐዲድ እየተከተለ ከፍ አስደርጓቸዋል። ሁለቱም ዳር ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከበስተጀርባ የፈንታሌ ተራራ። እዚያ ቆሜ ሞተሯን አጠፋሁ። ዝም ሲል ምን ያህል ዝም እንደሚል! ከዚያ የሸንኮራ ፋብሪካው ሽታ መጣ፣ ግመል የሚነዱ የከረዩ ልጆች እጃቸውን አውለበለቡልኝ፣ እኔም አውለበለብኩ።

የመጀመሪያውን ሌሊት አዋሽ ሰባት ኪሎ አደርኩ። ያደርኩበት ቤት ባለቤት፣ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ልጆቻቸውን ይዘው ውጭ ማደራቸውን ነገሩኝ። «ልጄ፣ አልጋው ሲነቃነቅ አሁንም እነቃለሁ» አሉኝ። በነጋታው ጠዋት ሻይ ከአምባሻ ጋር ሰጥተው የሻዩን ሂሳብ አልቀበልም አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፣ ፈቃድ አልጠየቅኳቸውም።

አዋሽ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀኙ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ ግራው ወደ ሚሌና ጅቡቲ። ግራውን ያዝኩ። የአገራችን የወጪና የገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ስለዚህ በግራው መንገድ የምታገኘው ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ነው፣ ከኋላው ሌላ፣ ከኋላው ደግሞ ሌላ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

አዋሽ አርባን አልፌ ብዙም ሳልሄድ፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ተኩል ግድም፣ ከፊት ለፊት ሁለት ከባድ መኪኖች መጡ። አንዱ ሌላውን ደርቦ እየቀደመ ነው። በእኔ መስመር ላይ። እኔ በመስመሬ ላይ ነኝ፣ ቀኜን ይዣለሁ፣ ፍጥነት መለኪያው 70 ይላል። ሾፌሩ አየኝ። ማየቱን የማውቀው የፊት መብራቱን ብልጭ ብልጭ ስላደረገ ነው። ግን ወደ መስመሩ አልተመለሰም። መብራቱ «አየሁህ» አይደለም የሚለው፤ «ውረድ» ነው የሚለው።

ማታ ማረፊያዬ ላይ አሰላሁት። እኔ በ70፣ እሱ በ80 ብንሆን ሁለታችን በሰዓት በ150 ኪሎ ሜትር እየተቀራረብን ነው፣ ይህ በሰከንድ ከ40 ሜትር በላይ ነው። በመካከላችን 300 ሜትር ቢኖር ሰባት ሰከንድ ነው ያለኝ። በሰባት ሰከንድ ውስጥ መፍረን፣ ከኋላዬ የሚመጣ መኖሩን ማየት፣ ከዚያ ከአስፋልቱ መውረድ አለብኝ። የአስፋልቱ ጠርዝ ደግሞ ከጠጠሩ አንድ ስንዝር ከፍ ይላል! መኪና ይህን ጠርዝ ጎማው ሳይሰማው ያልፈዋል። ሞተር ግን ጠርዙን በሰያፍ ከነካችው ትወድቃለች፣ ሞተረኛ ሁሉ ያውቀዋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀጥ ብዬ ወረድኩ። የኋላዋ ተንሸራተተች፣ እግሬን ተከልኩ፣ አልወደቅኩም። መኪናው በነፋሱ ሄልሜቴን ገፍቶት አለፈ። ክላክስ እንኳ አልነካም።

እጄ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ድረስ ቆምኩ። ከዚያ መንገዴን ቀጠልኩ፣ ግን ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሄድ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። በዚያ አገር የመንገዱን ዳር የያዘው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ነው። በ1970ዎቹ በረሃማነትን ለመከላከል ተብሎ የገባ፣ አሁን የአፋርን ግጦሽ እየዋጠ ያለ ዛፍ። ከአስፋልት የወረደ ሞተር እሾሁ ላይ ነው የሚያርፈው። ጎማዬን ሳገላብጠው የጣቴን ግማሽ የሚያህል እሾህ ተሰክቶ አገኘሁ።

ማስቲሽና መለጠፊያ ይዣለሁ፣ ጎማ መፍቻውም አለኝ። ከመነዳሪውን፣ የጎማውን ውስጠኛ ላስቲክ፣ አውጥቼ ለጠፍኩት። መንፊያዬ ግን አልሠራ አለ፣ ውስጡ ያለው ጎማ ደርቆ ተሰንጥቆ ኖሯል፣ አንድ ትንፋሽ አያስገባም። የቀረኝ ውሃ አንድ ሊትር ነው። ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር ልናገር፣ ወጣቶች ቲሸርት ለብሰው ሲወርዱ ስላየሁ። አየሩ ከሰውነትህ ሙቀት ሲበልጥ ነፋሱ አያበርድም፣ ያደርቅሃል። ላብህ ሳታየው ስለሚተን ያላበህ አይመስልህም። እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ አንገት ላይ የረጠበ ፎጣ፣ ሳይጠማህ መጠጣት። እኔ ይህን አውቄ እንኳ ከጠዋት ጀምሮ የጠጣሁት ትንሽ ነበር።

እዚያ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ የአፋር ሰው ሽርጡን እንደታጠቀ ግመሎቹን ይዞ መጣ። ሞተሯን ወደ ጥላ ስንገፋ አገዘኝ። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ አለና በተሰባበረ አማርኛ መጠየቅ ጀመረ፤ ከየት ነው የመጣኸው፣ መንገድ ላይ ምን አየህ፣ ዝናብ አለ ወይ፣ ከብት አየህ ወይ፣ ሰላም ነው ወይ። ይህ ዳጉ ነው። አፋሮች ሲገናኙ ተቀምጠው ወሬ ይለዋወጣሉ፣ የሰሙትንና ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይናገራሉ፣ የተቀበለው ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው የማድረስ ግዴታ አለበት። ውሸት መናገር ትልቅ ነውር ነው። ስለ ሾፌሩ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና በእጁ ወደ መንገዱ ዳር አመለከተ። ባለፈው ወር ሁለት ግመሉን በመኪና እንዳጣ ነገረኝ። እኔም ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የሰማሁትን የማድረስ ግዴታ ስለተሰማኝ ነው።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ይመስለኛል፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ባዶ ተሳቢ ቆመ። ማንም አላስቆመውም። ሾፌሩ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። «ወንድሜ፣ ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ። ስነግራቸው ረዳታቸው ከመኪናው የፍሬን አየር ማጠራቀሚያ ላይ ቱቦ ቀጥሎ አመጣና ጎማዬን በደቂቃ ሞላው። ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ውሃ አወረዱልኝ። ብር ላወጣ ስል እጄን ያዙኝ።

ስለ ሌላው ሾፌርም ነገርኳቸው። እውነቱን ነገሩኝ። «ከላይ ሆነን ስናያችሁ ቀጭን ናችሁ፣ ሩቅ ያላችሁ ይመስለናል፣ ፍጥነታችሁ አይገመትም። ደግሞ መብራትህ ጠፍቷል። እንዴት ላይህ ነው?» አሉኝ። እውነት ነው፣ በቀን መብራት አላበራም ነበር። ቀጥለው ያሉት ግን ይበልጥ ከውስጤ ገባ። «ደርቦ ወጥቶ መብራት ብልጭ ማድረግ ግን ስንፍና ነው። ጭነት ይዞ ሲቀድም መመለስ ስለሚከብደው አንተ ትመለስለት ነው የሚለው። እኛ ስንጀምር እንዲህ አልተማርንም» አሉ። «ጋሼ፣ እርስዎ ስንት ዓመት ነዱ?» ስላቸው 31 አሉኝ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ከፊት ለፊት የሞተር መብራት ካያችሁ መስመሩ ተይዟል። ባዶ አይደለም። ቪትዝ ቢመጣ እንደምትታገሱት ታገሱት፣ ሰባት ሰከንድ ነው። አሽከርካሪ የሚያሠለጥኑ ሰዎች ይህን ሠልጣኙን አንድ ጊዜ ቢነግሩት ይበቃል፤ እኔ መንጃ ፈቃድ ስማር ስለ ሞተር ፍጥነት መገመት አንድ ቃል አልሰማሁም። መንገድ የሚጠግኑም የአስፋልቱን ጠርዝ ይዩት፣ ጉድጓድ ሲሞላ ጠርዙ እንደተሸረፈ ይቀራል፣ የሚገለብጠን ደግሞ ጠርዙ ነው።

ለሞተረኞች ደግሞ፣ እኔንም ጨምሮ፣ በቀንም መብራት አብሩ። የሚያበራ ሰደርያ ልበሱ። መንፊያችሁን ከቤት ሳትወጡ ሞክሩት፣ መለዋወጫ ከመነዳሪ ያዙ። ማታ አትንዱ። ማታ ግመል አስፋልት ላይ ይቆማል፣ የእኛ መብራት የሚያሳየው ቀጭኑን እግሩን ብቻ ነው፣ ያም ሲያዩት እንጨት ነው የሚመስለው።

ገዋኔ ደረስኩ፣ አዎ። ከሰዓት በኋላ የአያሉ ተራራ ከሜዳው ብቻውን ተነስቶ ሲታየኝ ሞተሯን አቁሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ከጊንጪ አካባቢ የሚነሳው አዋሽ በዚያ ሜዳ ያልፋል፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ ልጅ ሆኜ መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን ወንዝ አሸዋው ላይ ሲሄድ አየሁት። እዚያው አድሬ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተመለስኩ፣ መብራቴን አብርቼ። በመመለሻዬ ሦስት ሾፌሮች ደርበው ለመውጣት ጀምረው መብራቴን ሲያዩ ወደ መስመራቸው ተመለሱ። ቆጥሬያቸዋለሁ። ለሦስቱም እጄን አነሳሁ፣ አንዱ መልሶ አነሳልኝ።

ለሸበቱት ሾፌር፣ ይህ ጋዜጣ በእጅዎ ከገባ፦ ቢጫው ጀሪካን እኔ ጋ አለ። ቸኩለው ሄዱ እንጂ ልመልስልዎ ነበር። ከታች ሲመለሱ ከፈጣን መንገዱ መውጫ አጠገብ፣ ቱሉ ዲምቱ ካለው ጎሚስታ ዘንድ ጠይቁ፣ እዚያ አስቀምጬዋለሁ። ውሃ ሞልቼዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቱሉ ዲምቱ ሞተረኛ