ነቅታችሁ ላስተኛችሁኝ ሁሉ

ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ተነስተን፣ አትላንቲክ ውቅያኖስን በሸራ ጀልባ አቋርጠን ባርባዶስ በሰላም ገብተናል። ስትጸልዩልንና ስትጨነቁልን ለሰነበታችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከተነሳንበት ከኬፕ ቨርዴው የሚንዴሎ ወደብ እስከ ባርባዶስ 2,000 የባሕር ማይል ያህል ነው፤ ወደ 3,700 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በመካከሉ አንድም ደሴት የለም። የንግድ ነፋስ የሚባለው ከሰሜን ምሥራቅ እየነፈሰ ከኋላ ስለሚገፋ፣ ርቀው ከሄዱ በኋላ ከመቀጠል ይልቅ መመለሱ ይከብዳል። መሪውን በራሱ የሚቆጣጠረው መሣሪያ የተበላሸብን እኩሌታው ላይ ስንደርስ ነው። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ አራታችን በፈረቃ መሪውን በእጃችን ይዘን ተጓዝን።

ማዕበሉ ከኋላ መጥቶ ጀልባዋን ሲያነሳት አፍንጫዋ ወደ ጎን መዞር ይጀምራል። መሪ የያዘው ሰው በጨለማ ምንም ስለማይታየው መዞሯን በእግሩ ተረድቶ ወዲያው ማቅናት አለበት። ከዘገየ ነፋሱ ሸራውን በተቃራኒው በኩል ይመታውና ሸራውን ከታች የያዘው አግዳሚ ምሰሶ በኃይል ወደ ሌላው ጎን ይወረወራል። የሰው ራስ ካገኘ አይምርም። እኔ ታች ተኝቼ ሳለሁ ይህን ሁሉ ሌላ ሰው ይሸከምልኝ ነበር። ከምግቡም ከውሃውም በፊት የማመሰግነው ስለዚያ እንቅልፍ ነው።

ካፒቴናችን፣ በዕድሜ ሁላችንንም እየበለጡ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚጀምረውን ከባዱን ፈረቃ ለራስዎ ወሰዱ። የደኅንነት ቀበቶዬን በእጅዎ ጎትተው መታሰሩን ሳያረጋግጡ አንድም ሌሊት ወደ መሪው አላሳለፉኝም። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ።

ወጥ ቤቱን ይዘሽ የነበርሽው እህቴ፣ በአንድ እጅሽ ግድግዳውን፣ በሌላው ድስቱን ይዘሽ ስታበስዪ አይቻለሁ። ሳህኑን በባሕር ውሃ አጥበሽ፣ በጥቂት ንጹሕ ውሃ እያለቀለቅሽ የሁላችንንም የመጠጥ ውሃ ቆጠብሽልን። የገና ጾም መያዤን ስትሰሚ፣ ለሌሎቹ ያጠመዱትን ዓሣ እየጠበስሽ ለእኔ ለብቻ ሽሮ ትሠሪልኝ ነበር። ሽሮ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ለረጅም የባሕር ጉዞ ከእርሱ የሚሻል ስንቅ አላውቅም።

ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ሌሊት ዘልለው ገብተው የሞቱትን በራሪ ዓሦች ከለቀምክ በኋላ ገመዶቹን አንድ በአንድ በጣትህ ትዳስስ ነበር። ዋናውን ሸራ የያዘው ገመድ ተፈትጎ ሊበጠስ ሲል ያገኘኸው በዚያ ልማድህ ነው። ያ ገመድ በሌሊት ቢበጠስብን ምን እንደምንሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ጋሼ፣ ምፅዋ በባሕር ኃይል ሳሉ የለመዱትንና በልጅነቴ በጫማ ማሰሪያ ያስተማሩኝን ቋጠሮ በየቀኑ ተጠቀምኩበት። ቢሳብ አይሸራተትም፣ ሲፈልጉት በቀላሉ ይፈታል። ይህን ለእርስዎ ለመንገር ስጓጓ ነው የሰነበትኩት።

እማዬ፣ ሽሮውንና በርበሬውን ስላዘጋጀሽልኝ፣ በየማታው በሳተላይት ስልክ የምንልከውን አጭር መልእክት ተቀብለሽ ለዘመድ ሁሉ እየደወልሽ ስላሰማሽ ውለታሽን እግዚአብሔር ይክፈልሽ። ለጥምቀት አዲስ አበባ እገባለሁ።