ለአባቴ፦ ስለ ኤሮስኮቢንግ ቤቶች

ይድረስ ለተወደዱ አባቴ፤ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለው?

«እነዚያን ቤቶች ሦስት መቶ ዓመት ምን አቆያቸው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ኤሮስኮቢንግ በደቡብ ዴንማርክ፣ ኤሮ በምትባል ደሴት ላይ ያለች ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። የመርከብ ንግዱ ወደ ጎረቤቷ ማርስታል ሲያደላ አፍርሶ የሚሠራ ገንዘብ አጣች፤ በእኔ ግምት አንዱ ጠባቂዋ ይኸው ነው።

ሌላው ግድግዳው የሚቀባው ኖራ ነው። ግድግዳው ጡብ ነው፤ በአንዳንዱ ቤት ጡቡ በእንጨት ማዋቀሪያ መሐል ተሞልቷል። ከባሕሩ ነፋስ የጠጣውን እርጥበት መልሶ መተንፈስ አለበት። የፕላስቲክ ቀለም ሲቀባ ውሃው ውስጥ ይታፈንና በብርዱ ወራት በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ ቀለሙን ከነልስኑ ይገነጥለዋል። ጭቃ ቤት ሲሚንቶ ሲለሰን ምን እንደሚሆን እርስዎ ያውቁታል።

የኖራ ቀለሙ እንዲህ ይዘጋጃል፦ በውሃ የበሰለ ኖራ 1 እጅ፣ ውሃ 5 እጅ። እንደ ወተት መቅጠን አለበት፤ እንደ እርጎ ከወፈረ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ግድግዳው አስቀድሞ ውሃ ይረጫል፤ ደረቅ ከሆነ የኖራውን ውሃ ይመጥበትና ሳይጠነክር ዱቄት ሆኖ ይቀራል፣ ኮትዎን ቢያስጠጉ ይነጣል። በሰፊ ብሩሽ፣ ስስ ተደርጎ፣ በየመሐሉ አንድ ቀን እያደረ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይቀባል። ገና ሲቀባ ግድግዳው ውሃ የተነከረ እንጂ ቀለም የያዘ አይመስልም፤ የሚነጣው ሲደርቅ ነው። ጀማሪ አላምን ብሎ የሚያወፍረውም እዚህ ላይ ነው። ጠራራ ፀሐይ ወይም ውርጭ ባለበት ቀን አይነካም። የቤቶቹ ቢጫና ቀይ ቀለም፣ ኖራ የማይበላው የአፈር ቀለም ነው። ከመሬት የሚረጨው ጭቃ እንዳይታይ የግድግዳው እግር በጥቁር ሬንጅ ይቀባል።

ወደቡ ላይ እ.ኤ.አ. በ1810 የተሠራ ትንሽ ማብሰያ ቤት አለ። መርከቦቹ እንጨትና ሬንጅ ስለነበሩ ወደብ ላይ ሆኖ በመርከብ ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ነበር፤ መርከበኞች ወጥተው እዚያ ያበስሉ ነበር። በየመስኮቱ ጥንድ የሸክላ ውሾች ያያሉ። ባል ባሕር ላይ ሲሆን ፊታቸው ወደ ውጭ፣ ሲመለስ ወደ ቤት ይዞራል ይባላል። ይሁን አይሁን፣ ውሾቹ ግን አሉ።

ሲመጡ ከስቬንቦርግ ከተማ በመርከብ 75 ደቂቃ ነው። መንገዱ ከእኛ ኮብልስቶን ይልቅ ክብና ወጣ ገባ ድንጋይ ነው፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ለከዘራዎ ጫፍ ጎማ ያስገቡለት፣ ጫማዎም ሶሉ ወፍራም ይሁን።

ልጅዎ