ምዕራፍ ሰባትን ሳታነቢው አላሳትመውም

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የምጽፍልሽ ጣና ዳር፣ ዋርካው ሥር ተቀምጬ ነው። ታንኳዎቹ ከዘጌ እንጨት ጭነው እየገቡ ነው።

ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ ልቦለድህ ስለ ምንድን ነው?» ስትዪኝ አድበስብሼ አለፍኩሽ። ስለ ጫት ሱስ ነው። ባለታሪኩ ማሲንቆ ተጫዋች ነው። ስሙን ቀየርኩት እንጂ ሰውዬው እኔ ነኝ።

በጣም የከበደኝ የጫቱን ሞቅታ፣ ምርቃናውን መጻፍ ነው። ወዳጆቼ «መጥፎነቱን ብቻ ጻፍ» ይሉኛል። እኔ አልስማማም። ኮባው ተፈትቶ እርጥቡ ቅጠል ሲሸት፣ ጨዋታው ሲደራ፣ ያ ሰዓት ደስ ይል ነበር። ይህን ከደበቅኩ የሚቅም ልጅ መጽሐፌን ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ይዘጋዋል። እሱ ያውቀዋላ!

የቀረውንም አልደብቅም። መርቅኜ ስጫወት ከእኔ በላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። አንድ ምሽት ትዝታ ስጫወት በካሴት ቀዱኝ። ሲነጋ ሰማሁት። ያንኑ ዜማ እደጋግማለሁ፣ እፈጥናለሁ፣ ዘፋኟን ጥያት እሄዳለሁ። ልትደርስብኝ ስትጣደፍ ትንፋሿ ይሰማል። አፈርኩ። ከሰዓት ግን ሐራራው መጣና ቃምኩ። ማታ ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ፣ ጨብሲ፤ ሌሊት ቅዠት፣ ዱካክ።

ጫት ደግሞ ለነገ አይቀመጥም። ሲደርቅ ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ይቀንሳል፣ ኃይሉ ይጠፋል። ስለዚህ በየቀኑ ትኩሱን ነው፤ በየቀኑም ብር ነው።

ያ ብር ከየት እንደመጣ ምዕራፍ ሰባት ላይ አለ። የትምህርት ቤት ክፍያሽን ይዤ የወጣሁበት ቀን ነው። ዩኒፎርምሽን ለብሰሽ በር ላይ ቆመሻል። የግራ ጫማሽ ማሰሪያ ተፈትቷል። «መጣሁ» ብዬሽ ሄድኩ። ሲመሽ ስመለስ እዚያው ደጃፉ ላይ እንቅልፍ ወስዶሻል። ማሰሪያው እንደተፈታ ነው።

ጫቱን ስተው ማሲንቆውንም ለምን እንደተውኩ ጠይቀሽኝ ነበር። ጭራውን በነካሁ ቁጥር ሐራራው ይነሳብኝ ስለነበር ነው። ብዕር ስይዝ ግን አይመጣብኝም።

ምዕራፉን ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ቀደድኩት። አራተኛውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ቀኑ ያንቺም ነው። የዘለልኩት ካለ ጠርዙ ላይ ጻፊበት። አይታተም ካልሽም አወጣዋለሁ።

እናትሽ ሽሮ ልካልሻለች፤ ከወረቀቱ ጋር ታገኚዋለሽ።

አባትሽ
ባሕር ዳር