በስልክ ልጣፍ ላይ የሠዓሊው ስም የት ገባ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ዕትማችሁ የቴክኖሎጂ ዓምድ ላይ ለስልክ የፊት ገጽ ልጣፍ የሚሆኑ፣ ወጣቶቹ «ዎልፔፐር» የሚሏቸውን ምስሎች የሚያቀርቡ መተግበሪያዎችን አወዳድራችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሠንጠረዡ የምስሎቹን ብዛት፣ ዋጋቸውንና ተጠቃሚዎች የሰጡትን ኮከብ የያዘ ሲሆን፣ «ኦሪጅናል ሥዕሎች» የሚለውን ቃል ግን መተግበሪያዎቹ ስለ ራሳቸው እንደጻፉት ተቀብሎ አልፎታል። እኔ በሐዋሳ ከተማ ስልክ በመጠገንና መተግበሪያ በመጫን የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ይህ ቃል እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ እንዳልሆነ የተረዳሁት ከራሴ ጥፋት በመሆኑ፣ ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገር።

ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ ሠርቼ ስመልስ፣ ደንበኛው ደስ እንዲለው በማለት ከአንድ ነጻ መተግበሪያ ያወረድኩትን የሐይቅ ሥዕል ፊቱ ላይ የማድረግ ልማድ ነበረኝ። ሥዕሉ በማለዳ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው አሞራ ገደል ላይ መረባቸውን የሚያፍታቱ ዓሣ አጥማጆችን፣ ከኋላቸውም ገንዘቡን እንደሚጠብቅ አበዳሪ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ አባ ኮዳ የተባለ ትልቅ ወፍ ያሳያል። ለስንት ሰው እንደጫንኩት አልቆጠርኩም፤ የባጃጅ ሾፌሮች ግን እየጠየቁ ያስጭኑኝ ነበር። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሳለ፣ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አንጋፋ የማስታወቂያ ጽሑፍና የሥዕል ባለሙያ ስልካቸውን ከእኔ ጄኔሬተር ላይ ቻርጅ ለማድረግ ገቡ። ጠረጴዛዬ ላይ የበራውን የደንበኛ ስልክ አንሥተው፣ አንዴ ወደ ዓይናቸው አቅርበው አንዴም አርቀው ካዩት በኋላ «አንተ ልጅ፣ ይህን ከየት አመጣኸው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ምንም ሳይመልሱ የመረቡን ጫፍ በጣታቸው አመለከቱኝ፤ ከተንሳፋፊዎቹ መካከል አንድ ቀይ የጀሪካን ክዳን ይታያል። «በዚያን ዕለት ጠዋት እዚያ ክዳን አልነበረም። ሥዕሉ ቀይ ስለጎደለው እኔ ነኝ የጨመርኩት» አሉ።

ሥዕሉን ከዓመታት በፊት ለአንድ ሆቴል ሸጠውት ኖሯል፤ ካረፉት እንግዶች አንዱ ፎቶ አንሥቶት ይሆናል ብለን እንገምታለን። ሥዕሉ አግድም ሰፊ ስለነበር፣ ወደ ላይ ለረዘመ የስልክ ስክሪን እንዲሆን ግራና ቀኙ ተቆርጧል፤ በግራ በኩል ሁለት ዓሣ አጥማጆች፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ከታች ጥግ ላይ የነበረው የሠዓሊው ፊርማ አብረው ሄደዋል። መተግበሪያው ለሥዕሉ የሰጠው ስም «አፍሪካ 114» የሚል ነው። ስሙን ዐይቼ ልስቅ ነበር፣ ነገር ግን እሳቸው አልሣቁም። በዚህ ደብዳቤ ስማቸውን ያልጠቀስኩት ራሳቸው ስለከለከሉኝ ነው፤ «ስሜ በሥዕሌ ላይ ይዋል እንጂ በአቤቱታ ላይ አይዋል» ብለውኛል።

ሕጉ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሠዓሊውን ከሥራው የሚገኘው ጥቅም ባለቤት ከማድረጉም በላይ፣ የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅን መብት ለብቻው ያውቅለታል፤ ጥበቃውም ሠዓሊው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ሆቴሉ ሸራውን ገዛ እንጂ አባዝቶ የማሰራጨትን መብት አልገዛም፤ ፎቶ ያነሣው እንግዳ ደግሞ ጭራሹን ምንም አልገዛም። ጎግል ለእንዲህ ዓይነቱ የቅጂ መብት አቤቱታ ያዘጋጀው ቅጽ ስላለ፣ ከጎረቤቴ ጋር ተቀምጠን ሞልተን ልከናል፤ ምላሹን እየጠበቅን ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድን የልጣፍ መተግበሪያ ለደንበኛ ከመጫኔ በፊት በቅድሚያ የማየው የምስሎቹን ብዛት ሳይሆን፣ አንዱን ምስል ስነካ የሠዓሊው ስምና የሥራው ርእስ መውጣቱን፣ ስሙን ስነካ ደግሞ የዚያው ሰው ሌሎች ሥራዎች መምጣታቸውን ነው። ስም መኖሩ ብቻውንም አያጠግብም። በአንድ «ሠዓሊ» ስም ሥር አሥር ምስል ተደርድሮ አሥሩም የአሥር ሰው እጅ ከመሰለ፣ አለዚያም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረከ ከሆነ፣ ትንሽ ማጉላት ብዙ ነገር ይገልጣል። እኛ አማርኛ አንባቢዎች በዚህ ነገር ዕድለኞች ነን፤ «የኢትዮጵያ ሥዕል» ተብለው ከቀረቡልኝ ምስሎች በአንዱ ላይ በብራናው የሰፈረው ጽሑፍ ከሩቅ ፊደል መስሎ ሲቀርቡት አንድም የሚነበብ ሆሄ አልነበረውም፣ በሌላው ላይ ደግሞ ጀበናዋ ሁለት አፍ አውጥታ ነበር። ቡና የቀዳ ሰው እንዲህ ዓይነት ጀበና አይሥልም።

ስም በመጥራት ረገድ እንደ ምሳሌ ልጠቅሰው የምችለው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን «ሙዜይ» የተባለ የልጣፍ መተግበሪያ ነው፤ ቃሉ በሩሲያኛ ሙዚየም ማለት ነው። በየቀኑ አንድ ዝነኛ ሥዕል ያመጣል፣ ርእሱንና ሠዓሊውንም ይናገራል፣ ባለስልኩ የራሱን ፎቶዎች እንዲያስገባም ይፈቅዳል። በአንጻሩ በሕይወት ላሉ ሠዓሊዎች ለመክፈል ታስቦ የተሠራው «ፓነልስ» ዕጣው ሌላ ሆነ። ማርኬስ ብራውንሊ የተባለው ታዋቂ አሜሪካዊ የስልክ ገምጋሚ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ሲያወጣው ትርፉን ከሠዓሊዎቹ ጋር እኩል እንደሚካፈል አስታውቆ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ወደ 50 ዶላር የሚጠጋውን የዓመት ክፍያና በነጻው ክፍል የተደረደረውን ማስታወቂያ አልወደደለትም፤ በ2025 መጨረሻም ተዘጋ። የክፍያው ሐሳብ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ዋጋው ግን እንኳን ለሐዋሳ ለኒውዮርክም ከብዷል። ደግሞም መተግበሪያ እንደሚዘጋ ካወቅን፣ የወደድነውን ምስል መተግበሪያው ውስጥ ብቻ ትቶ ከመሄድ ይልቅ ጋለሪ ላይ አውርዶ ማስቀመጡ ይበጃል።

ጽሑፋችሁ በሁለት ነጥቦች መታረም ይኖርበታል። ጥቁር ልጣፍ ባትሪ ይቆጥባል የተባለው እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ለሚያበራበት የአሞሌድ ስክሪን እውነት ነው፣ ጥቁሩ ቦታ ላይ ነጥቦቹ ስለሚጠፉ፤ እኔ ዘንድ በብዛት የሚመጡት ግን ከኋላ በመብራት የሚበሩ የኤልሲዲ ስክሪኖች በመሆናቸው ጥቁርም ሆነ ነጭ ቢደረግባቸው የሚለወጥ ነገር የለም። «4ኬ» የሚለውም፣ ማለትም ምስሉ እጅግ ብዙ ነጥብ ያለው መሆኑ፣ እንደ ብልጫ ተቆጥሯል፤ ስክሪኑ 720 በ1600 ነጥብ ለሆነ ስልክ ከ7 እጥፍ በላይ ነጥብ ያለው ምስል ማውረድ የዳታ ጥቅልን በከንቱ መጨረስ ነው። ከዚህ ይልቅ ብትጠቅሱት ኖሮ ደስ ይለኝ የነበረው የፈቃድ ጉዳይ ነው። ልጣፍ ለመቀየር የሚያስፈልገውን ፈቃድ አንድሮይድ ባለቤቱን ሳያስቸግር ይሰጣል፤ ስለዚህ የስልክ ቁጥር ዝርዝራችንን ወይም ማይክሮፎናችንን የሚጠይቅ የልጣፍ መተግበሪያ ሥዕል ሊሰጠን ብቻ አልመጣም።

ይህን ሁሉ ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለተማረ ወዳጄ ሳጫውተው፣ «የጥንቶቹ ሠዓሊዎችኮ አብዛኞቹ ስማቸውን አልጻፉም፤ የሚጻፈው ያሣለው ሰው ስም ነበር» ሲል ተከራከረኝ። እውነቱን ነው። ነገር ግን እነዚያ ሠዓሊዎች ስማቸውን የተዉት ራሳቸው ወደውና ለነፍሳቸው ብለው ነው፤ ማንም ሰው ከሥዕላቸው ቆርጦ አላወጣውም፣ በሥዕላቸውም ፊት የጫማ ማስታወቂያ አላቆመበትም።

አሁን ከጎረቤቴ ጋር ሆነን የቀሩ ሥራዎቻቸውን በጥላ ሥር በእኔ ስልክ እያነሣን፣ ከላይ ሰዓቱ የሚያርፍበትን ባዶ ሰማይ ትተን፣ ስማቸውንና ርእሱን ከታች ጽፈን በ50 ብር እንሸጣለን፤ ክፍያው በቴሌብር በቀጥታ ለእሳቸው ይገባል። እስካሁን የገዙት 11 ሰዎች ናቸው፤ «ነጻ እያለ?» ብሎ የሄደው ከዚያ ይበልጣል፣ አልቀየምም፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ነጻውን የማድለው እኔ ራሴ ነበርኩ። ሐይቁን ለማሣል ቸኩሎ ለመጣ ሰው ደግሞ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ወርዶ ራሱ ፎቶ ቢያነሣ ከሁሉ እንደሚሻለው እነግረዋለሁ።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሠንጠረዡን ደግማችሁ በምታወጡበት ጊዜ ከኮከቡ ዓምድ ቀጥሎ «የሠዓሊውን ስም ይናገራል ወይስ አይናገርም?» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩበት፤ ቦታ ከጠበበም የምስሎቹን ብዛት የሚገልጸው ዓምድ ቢወጣ የሚጎዳ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ያ ስልኩ ጠረጴዛዬ ላይ በርቶ የተገኘው የባጃጅ ሾፌርም ተመልሶ መጥቶ ሙሉውን ሥዕል ገዝቷል፤ ሁለቱ ዓሣ አጥማጆች ወደ ቦታቸው ሲመለሱ አባ ኮዳው ትንሽ አነሰብኝ ብሎ ቅር ቢለውም።

አክባሪያችሁ፣
የሞባይል ጥገና ባለሙያ
ከሐዋሳ